ለወገን የሚሰጥ የውሸት ኮከብ ወገንን አይጠቅምም

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ አንባቢዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ኮከብ አትንፈጉን» ነው። ጸሐፊው ራሳቸው ደራሲ ናቸው። አዲስ የሚወጡ መጻሕፍት የሚተዋወቁበት አንድ የቴሌግራም ቻናል አድሚንም ናቸው። ቻናሉ አንባቢዎች ለመጽሐፉ ከአምስት ኮከብ ስንት እንደሚሰጡ በፖል (በድምፅ መስጫ) ይጠይቃል። ውጤቱ ይደመርና አማካዩ «4.8» ወይም «4.9» ተብሎ ይለጠፋል። ጸሐፊውን ለመጻፍ ያነሳሳቸው አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ለአንድ የወሎ ልጅ ልብ ወለድ ሁለት ኮከብ ሰጥታ አስተያየት መጻፏ ነው።

ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ለወገን ደራሲ አምስት ኮከብ መስጠት ነውር የለውም፤ ፈረንጆቹም ያደርጉታል። ብዙ ሰው የሰጠው አማካይ ውጤት አይዋሽም። መጥፎ አስተያየት የክፍለ ሀገር ደራሲን ገበያ ይገድላል፤ ስለዚህ ያልወደደ ዝም ይበል። መጽሐፉን ያልገዛ ሰው አስተያየት ይሰረዝ። ሐያሲ በጠፋበት አገር ደግሞ የአንባቢ ኮከብ ብቻውን በቂ ዳኛ ነው። ጽሑፉ የሚያልቀው በጥሪ ነው፤ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢ ሁሉ የወሎ ልጅ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ተባብሮ አምስት ኮከብ እንዲሰጥ።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ እሸጣለሁ፣ አከራያለሁም። ጥቅሜን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ኮከብ ያገኘ መጽሐፍ ቶሎ ይወጣልኛል። ስለዚህ የጸሐፊው ጥሪ ቢሳካ ለጊዜው ኪሴ ውስጥ ገንዘብ ይገባል። እንዲያም ሆኖ አልስማማም። ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ የአገራችን ደራሲ ምን ያህል ደክሞ፣ ተበድሮ እንደሚያሳትም አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ተረስቷል። በኮከቡ አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው የትም ቦታ ላይ አልተነሳም።

የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና።

«ፈረንጆቹም ያደርጉታል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ያደረጉ አሉ። ግን ሲጋለጡ የሆነውም አብሮ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2004 በኢንተርኔት መጽሐፍና ሌላም ዕቃ የሚሸጠው የአማዞን የካናዳ ገጽ በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ስማቸውን ደብቀው አስተያየት የጻፉ ሰዎችን እውነተኛ ስም አወጣው። ከመካከላቸው የገዛ መጽሐፋቸውን እንደ ሌላ አንባቢ ሆነው ያሞገሱ ደራሲዎች ተገኙ። በ2010 አንድ ታዋቂ የብሪታንያ የታሪክ ምሁር በተደበቀ ስም የራሱን መጽሐፍ ሲያወድስ፣ የሙያ ባልደረቦቹን መጽሐፍ ደግሞ ሲያጣጥል እንደነበር ታወቀ። መጀመሪያ ካደ፤ በኋላ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በ2012 ኒውዮርክ ታይምስ ለደራሲዎች አስተያየት የሚቸበችብ ንግድ እንደነበር ጻፈ። አንድ አስተያየት 99 ዶላር፣ 20 አስተያየት 499 ዶላር፣ 50 አስተያየት 999 ዶላር።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ቅሌት ተብለው ነው የተወሩት። ማንም «ወገን ወገኑን አበረታታ» ብሎ አላጨበጨበላቸውም። አማዞን ዛሬ የደራሲው ቤተሰብና የቅርብ ጓደኛ በመጽሐፉ ላይ አስተያየት እንዳይሰጥ በደንቡ ይከለክላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ የሐሰት አስተያየት መጻፍን፣ መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት ከ51 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። በፈረንጅ ከተከራከርን እስከ መጨረሻው በፈረንጅ እንከራከር።

አሁን ወደ ደሴ እንመለስ። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ደመወዝ ሲደርስ ቅዳሜ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣል። አንድ ቀን ስልኩን ዘረጋልኝ። «ይሄን አስመጣልኝ፤ 4.8 ነው» አለ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣሁለት። ዋጋው ከ500 ብር በላይ ነበር፤ ለእሱ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በሚቀጥለው ደመወዝ መጽሐፉን ይዞ ተመለሰ። አልተቆጣም። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ስንት ትገዛኛለህ?» ብቻ አለኝ። አሮጌ እንደሚገዛ ሰው በግማሽ ዋጋ ወሰድኩለት። ከዚያ መደርደሪያውን እያየ «ከእንግዲህ የሞቱትን ነው የምትሰጠኝ» አለ። የሞቱ ደራሲዎችን ማለቱ ነው። እስካሁንም በቃሉ ጸንቷል። አዲስ ደራሲ ስጠቁመው ፈገግ ብሎ እጁን ያወዛውዛል።

ጸሐፊው «አምስት ኮከብ ማንን ጎዳ?» ብለው ጠይቀዋል። ይኸው ይህን ሰው ጎዳ። ከእሱ ይበልጥ የጎዳው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጀማሪ ደራሲ ነው። ያ ልጅ ጥሩ መጽሐፍ ጽፎ ሊሆን ይችላል። አርታኢ ከፍሎ፣ ሦስት ጊዜ ከልሶ ያሳተመ ሊሆን ይችላል። የእኔ የኮምቦልቻ ደንበኛ ግን አይከፍትለትም። ከእሱ በፊት በወጣው መጽሐፍ ላይ ጓደኞች ያዋጡትን ኮከብ ዕዳ የሚከፍለው እሱ ነው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ እኔም ቻናሉን ገብቼ ከመጽሐፉ ሥር ያሉትን አስተያየቶች አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አብዛኞቹ የተጻፉት በምረቃው ምሽት ነው። መጽሐፉ ወደ 400 ገጽ ይጠጋል፤ መሸጥ የጀመረው ምረቃው ላይ ነው። የተጻፈው ደግሞ «ድንቅ ሥራ»፣ «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ»፣ «ገና ብዙ እንጠብቃለን»፣ «የወሎ ኩራት» ይላል። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ አንድ ምዕራፍ፣ ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረ የለም። እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም። አብዛኞቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ። ያደረጉት ነገር ደስታቸውን መግለጽ ነው።

«እንኳን ደስ አለህ» ማለት ደግ ነገር ነው። ቦታውም ብዙ ነው። ምረቃው አለ፣ ስልክ አለ፣ ቤት ሄዶ ቡና መጠጣት አለ። መጽሐፉን ሁለት ሦስት ገዝቶ ለዘመድ መስጠትም አለ፤ እንደ ነጋዴም እንደ ሰውም ይህን በጣም እደግፋለሁ። ከአምስት ኮከብ ጋር ሲወጣ ግን የደስታ መግለጫ መሆኑ ያበቃል። ለማያውቀን ሰው «አንብቤዋለሁ፣ ገንዘብህን አውጣበት» ብሎ መመስከር ይሆናል። እኛ አገር ይሉኝታ አለ። ደራሲውን ነገ ሸዋ በር ወይም ቧንቧ ውሃ ታገኘዋለህ፣ ዓይኑን ታየዋለህ። ስለዚህ ፊት ለፊት ክፉ መናገር ይከብዳል። እረዳለሁ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ግን ኮከብ ከመስጠት መቆጠብ ይችላል። ማንም አያስገድደውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ማንሳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ነው፤ ጉድሪድስ በተባለው፣ አንባቢዎች ለመጻሕፍት ኮከብ በሚሰጡበት ድረ ገጽ ላይ ያሉ አስተያየቶችን መርምሯል። ትልልቅ ሽልማት ያገኙ መጻሕፍትን ለመጨረሻው ዙር ታጭተው ሳይሸለሙ ከቀሩት ጋር አነጻጸረ። የተሸለሙት መጻሕፍት ከሽልማቱ በኋላ በአንባቢ የሚሰጣቸው ኮከብ ቀነሰ። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው። በወሬው ተስቦ የመጣው ሰው ሁሉ የዚያ ዓይነት መጽሐፍ ወዳጅ አልነበረም። እውነተኛ ሽልማት ይህን ካደረገ የተጋነነ ኮከብ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። የእኔ ደንበኛ ታሪክ ቀመስ ልብ ወለድ ነው የሚወደው። ያስመጣሁለት መጽሐፍ የፍቅር ታሪክ ነው። ከእነዚያ ሁሉ አድናቂዎች አንዱ እንኳ «የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አይገዛውም ነበር፤ አይከፋበትም ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ አማካዩ ነው። «አንድ ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ መቶ ሰው ግን አይሳሳትም» ይላሉ ጸሐፊው። እስኪ እናስላው። አንድን መጽሐፍ አሥር ሰው በደንብ አንብቦ እያንዳንዱ ሦስት ኮከብ ሰጠው እንበል። ድምሩ 30 ነው፣ አማካዩ 3። አሁን 20 ጓደኞች መጥተው አምስት አምስት ይስጡ። 100 ተጨመረ። 130ን ለ30 ሰው ስታካፍል 4.3 ይመጣል። መጽሐፉን ያነበቡት አሥሩም ሰዎች «መካከለኛ ነው» ብለዋል። ቁጥሩ ግን «ምርጥ ነው» ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። የገባበት ነገር ነው ትክክል ያልሆነው። ላዩ ማኛ፣ ሥሩ ሰርገኛ የሆነ ጆንያ ጤፍ ቢመዘንም ሚዛኑ የሚነግርህ ክብደቱን ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም ይህን ስለሚያውቁ አማዞን ተራ አማካይ አይጠቀምም። አስተያየቱ መቼ እንደተሰጠ፣ ሰጪው መጽሐፉን ከእሱ ገዝቶ እንደሆነና ሌሎች ነገሮችን አስገብቶ ነው ኮከቡን የሚያሰላው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ጉድሪድስ ግን ሰው ገና ያልታተመ መጽሐፍ ላይ ኮከብ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ በዚህም ብዙ ጣጣ መጥቶበታል። የኛ ቻናል ፖል ደግሞ ምንም ማጣሪያ የለውም። ማን እንደመረጠ አይታይም። ማንበቡም አይጠየቅም።

ሌላም አለ። ሰው ቀድሞት የተናገረውን አይቶ ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ነበር። ተመራማሪዎቹ በአንድ የዜና ድረ ገጽ ላይ የተጻፉ አስተያየቶችን በዘፈቀደ መርጠው፣ ገና እንደወጡ አንድ ድጋፍ ብቻ ጨመሩላቸው። አንድ ብቻ። የእነዚህ አስተያየቶች የመጨረሻ ውጤት በአማካይ 25 በመቶ ከፍ አለ። ስለዚህ የምረቃው ምሽት ኮከቦች ራሳቸው ብቻ አይደሉም የሚቆጠሩት። ከእነሱ በኋላ የሚመጣውንም ይጎትታሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ ይባል የለ።

ደግሞ የማይቆጠረውን ሰው እናስብ። ኢንተርኔት ላይ ኮከብ የሚሰጠው በጣም የወደደና በጣም የጠላ ነው። «ደህና ነው» ብሎ መጽሐፉን የዘጋ ሰው ስልኩን አያነሳም። በኛ ክልል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት ሱቄ ውስጥ የኪራይ መጽሐፍ እንደዚያ ጊዜ ሄዶልኝ አያውቅም። ሰው ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውምና ያነብ ነበር። ተመልሶ መጥቶም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይከራከር ነበር። ያን ጊዜ የወጡ መጻሕፍት ገጽ ላይ ግን የደሴ አንባቢ ድምፅ የለም። ያለው ዋይፋይ ያለው ሰው ድምፅ ነው። መቶ ሰው አይሳሳትም የሚሉት ጸሐፊ እነማን መቶዎቹ እንደሆኑ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «መጥፎ አስተያየት ገበያ ይገድላል፣ ያልወደደ ዝም ይበል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የአማዞንንና ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለውን የአሜሪካ መጽሐፍ ሻጭ የመጽሐፍ አስተያየቶች ከሽያጭ ጋር አመሳክሮ፣ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት የሚጎዳው ባለ አምስት ኮከቡ ከሚጠቅመው በላይ እንደሆነ አግኝቷል። ሰው ሁሉም አምስት ሲሰጥ ይጠራጠራል፤ አንድ ሲሰጥ ያምናል። ያው ጥናት ሌላም ነገር ጠቁሟል። ገዢዎች ቁጥሩን ብቻ አይተው አያልፉም፣ የተጻፈውን ያነባሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቁጥሩ ብቻውን አይደለም ነገሩን የሚወስነው፤ ከቁጥሩ ሥር ያለው ጽሑፍ ነው።

ታዲያ ተማሪዋ ደንበኛዬ በመለሰው በዚያው መጽሐፍ ላይ የጻፈችው ምን ነበር? ጸሐፊው «ስድብ» ብለውታል። ከመሰረዙ በፊት ስክሪን ሾት ያነሳ ደንበኛ አሳይቶኛል። ስድብ የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ በተለይ የገጠሩ ታሪክ፣ በጣም እንደያዛት ትናገራለች። የጀግናዋ አባት ገጽ 60 ላይ ሞቶ ተቀብሮ፣ ገጽ 214 ላይ ያለ ምንም ማብራሪያ ሽምግልና ተቀምጦ እንደሚገኝ ትጠቁማለች። የወሎ ቦረና ገበሬዎች የአዲስ አበባ ልጅ ቋንቋ መናገራቸው እንዳልተዋጠላት፣ የፊደል ግድፈቱም እንደበዛ ትጽፋለች። በመጨረሻ «ደራሲው ሁለተኛ መጽሐፍ ሲያወጣ አነባለሁ» ትላለች። ሁለት ኮከብ። የሞተው ሰው በገጹ ቁጥር ተጠቅሶ ሲነሳ ስድብ አይባልም። አርታኢ ተከፍሎት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በነፃ ነው የሠራችው።

ከዚያ የሆነውን ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፤ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩ ናቸው። የልጅቷን አስተያየት አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና «የገጠሩ ክፍል ጥሩ ነው ካለች እሱን አምጣልኝ፤ የቀረውን እኔ ታግሼ አነባለሁ» አሉ። ገዙት። እነዚያ ሁሉ አምስት ኮከቦች ይህን መጽሐፍ ለእሳቸው ሊሸጡላቸው አልቻሉም ነበር። ሁለት ኮከብ የሰጠችው ልጅ ሸጠችላቸው። ምክንያቱም በመጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ የነገረቻቸው እሷ ብቻ ናት።

ይህ የኔ ሱቅ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ከወጡ ሂሶች በኋላ የመጻሕፍት ሽያጭ ምን እንደሆነ አይቷል። ስም ያላቸው ደራሲዎች መጥፎ ሂስ ሲወጣባቸው ሽያጫቸው በ15 በመቶ ያህል ቀንሷል። ብዙም የማይታወቁት ደራሲዎች ግን መጥፎ ሂስ ሲወጣባቸው ሽያጫቸው በ45 በመቶ ያህል ጨምሯል። ሰው መኖራቸውን ያወቀው በዚያ ነው። ይህ የትልቅ ጋዜጣ ሂስ ነው፣ የቴሌግራም ኮሜንት አይደለም፤ አገሩም አሜሪካ ነው። ቢሆንም «መጥፎ አስተያየት ጀማሪን ይገድላል» ብሎ በድፍን ከመናገር ይከለክላል። ያልታወቀ ደራሲን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ «ዝም በሉ» እያሉን ነው።

አማዞን እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ሲጀምር ገዢዎች መጥፎ አስተያየትም እንዲጽፉ መፍቀዱ አሳታሚዎችን አስቆጥቶ ነበር። «እናንተ የምታተርፉት ስትሸጡ ነው፤ ለምን መጥፎውን ትለጥፋላችሁ?» ተባለ። መሥራቹ ጄፍ ቤዞስ በኋላ ሲናገር የሰጠው መልስ፣ ገንዘብ የምናገኘው ሰው ምን መግዛት እንዳለበት እንዲወስን ስንረዳው ነው የሚል ነበር። እኔ ስለ አማዞን የምወደው ነገር ብዙ አይደለም። ይህን ግን ፒያሳ ያለች ትንሽ ሱቅም ታውቀዋለች። የተሳሳተ መጽሐፍ የሸጥኩለት ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚገዛኝ።

በክፋት የሚሰጥ አንድ ኮከብ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ አብሬ እቆማለሁ። እሱም አለ፤ ይጎዳልም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 አንዲት ስመ ጥር አሜሪካዊት ደራሲ ታሪኩ ሩሲያ ውስጥ የሚፈጸም ልብ ወለድ ልታወጣ ስትል፣ ማንም ሳያነበው ጉድሪድስ ላይ በአንድ ኮከብ ተጥለቀለቀ። መጽሐፉን ከህትመት አዘገየችው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የመጀመሪያ መጽሐፏን ልታሳትም የነበረች ሌላ ደራሲ በሐሰት አካውንቶች የሌሎች ጀማሪዎችን መጽሐፍ አንድ ኮከብ ስትሰጥ፣ ለራሷ አምስት ስትሰጥ ተገኘች። አሳታሚዋ ውሏን ሰረዘ። ልብ በሉ፤ ያቺ ልጅ ለራሷ የሰጠችው አምስትና ለሌሎች የሰጠችው አንድ ከአንድ ምንጭ ነው የወጣው። ሁለቱም ሳይነበብ የተሰጠ ነው። ጸሐፊው አንዱን ክፋት፣ ሌላውን ወገናዊነት ብለው ሊለዩት አይችሉም። እኔን እንደ ገዢ ሁለቱም እኩል ይዋሹኛል።

አራተኛው፣ «ያልገዛ አይናገር»። ይህ አገሩን የረሳ ሐሳብ ነው። አማዞን ከእሱ የገዛን ሰው በተለየ ምልክት ያሳያል፤ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ያልገዛውንም ሁሉ አይሰርዝም። ምልክቱም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ሰውን አስገዝተው ገንዘቡን በስውር እየመለሱ አምስት ኮከብ የሚያጽፉ ሻጮች ሞልተዋል። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ስንት ሰው ያነበዋል? እኔ የማከራየው መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪላላ ድረስ ይዞራል። አንዷ ተከራይታ እህቷም እናቷም ያነቡታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ይገዙና ዶርም ለዶርም ያዞሩታል። ተማሪዋም መጽሐፉን ከጓደኛዋ ተውሳ ነው ያነበበችው። ታዲያ ገጽ 214ን ከገዛው ሰው የበለጠ አውቃዋለች።

መጠየቅ ያለበት «ገዝተሃል ወይ?» ሳይሆን «አንብበሃል ወይ?» ነው። በፒዲኤፍ የሚሰረቀው መጽሐፍ እኔንም ደራሲውንም የሚያከስር ሌብነት ነው፤ ጸሐፊው በዚህ ቢቆጡ አብሬ እቆጣለሁ። መሰረዝን ግን አንቀበል። የቴሌግራም አድሚን የትኛው ምልክት እንደሚፈቀድ ይመርጣል። በዚህ ቻናል ላይ ልብ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ እሳት አለ፤ አውራ ጣት ወደ ታች የለም። የተቃወመ ኮሜንት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ቀድሜ የጠቀስኩት የአሜሪካ ደንብ አሉታዊ አስተያየትን አፍኖ ቀሪውን የደንበኞች ሁሉ ሐሳብ አስመስሎ ማሳየትንም ከልክሏል። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ እስኪወጣልን መጠበቅ የለብንም።

ስለ ሐያሲው ብዙ አልልም። አንባቢና ሐያሲ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሐያሲ መጽሐፉን ከቀደሙት ጋር አስተያይቶ ያስቀምጠዋል። አንባቢ «እኔን እንዲህ አደረገኝ» ይላል። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ሐያሲ መጥፋቱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በመጽሐፍ ጀርባ ላይ ታዋቂ ሰው ሳያነብ የሚጽፈው ሙገሳ የጀመረውን ነው ኮከቡ የቀጠለው።

እንግዲህ ለጸሐፊው ጥሪ የኔ አጸፋ ይህ ነው። ባንኮኒዬ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጣለሁ። ከኔ የገዛም፣ የተከራየም፣ የተዋሰም ይጽፍበታል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከመጽሐፉ ቢያንስ አንድ ነገር በገጹ ተጠቅሶ ይነገር፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ። ሁለተኛው፣ አስተያየቱን የሚጽፈው ሰው ለደራሲው ምኑ እንደሆነ ይግለጽ። ጓደኛ ከሆነ «ጓደኛው ነኝ» ብሎ ይጀምር፤ የፈለገውን ያህል ያወድስ፣ ማንም አይከለክለውም። አማዞንም በነፃ የተሰጠ መጽሐፍ ላይ አስተያየት እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ ስጦታው ለሙገሳ የተከፈለ ዋጋ እስካልሆነ ድረስ። ስም የማይፈልግ ስም አይጻፍ፤ ይሉኝታ እንዳለብን አውቃለሁ። ኮከብ ግን አንቀበልም፤ ጽሑፍ ብቻ። በየወሩ መጨረሻ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ለፈለገው ሁሉ እልካለሁ። ቻናሉም ቢለጥፈው ደስ ይለኛል።

ከጸሐፊው የምለምነው ደግሞ አንድ ነገር ነው። እርስዎ አድሚን ነዎት፤ ሥልጣኑ በእጅዎ ነው። የተማሪዋን አስተያየት ወደ ቦታው ይመልሱት። ከሥሩም ደራሲው መልሱን ይጻፍ፤ ገጽ 60 ላይ የተቀበረው ሰውዬ እንዴት እንደተነሳ ያስረዳን፣ ወይም በሁለተኛው እትም እንደሚታረም ይንገረን። ያን ቀን መጽሐፉን ለኮምቦልቻው ደንበኛዬ እንደገና አሳየዋለሁ።